ሥዕል ፈልጌ ነው

ሰይዶ፣ ሸጋ ነህ ወይ? ይህን ያህል ጠፍቼ ብቅ ያልኩት ለጉዳይ እንደሆነ ገና ሳትከፍተው ታውቀዋለህ። አፉ በለኝ፤ ወቀሳው ለቡናው ይቆይልኝ።

ሥዕል ፈልጌ ነው። እዚህ ደሴ ለጀማሪ ሐኪሞች ስለ ንቃት ላስተምር ነው። የጦሳን ተራራ ስትሥል ሁላችንም አህያ ነው ብንልም፣ ካንተ ሌላ ሰው የለኝም።

አንጎሉን ከጆሮ እስከ ጆሮ ቁልቁል ቁረጠው። መሃሉ ላይ ፈሳሽ ያለበት ቀጭን ስንጥቅ፣ በግራና ቀኙ እንቁላል መሳይ ሁለት ታላመሶች (መልእክት ወደ ላይኛው አንጎል የሚያስተላልፉ ክፍሎች)፤ 3 ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማሉ፣ ርዝመታቸው ግን ከፊት ወደ ኋላ ስለሆነ እዚህ አይታይም። ከሥራቸው የአንጎል ግንድ። ከግንዱ ላይኛው ክፍል የሚነሳውን የነርቭ መረብ በቀይ ጀምረህ፣ በታላመሱ ውስጥ ነጩን ሽፋን ተከትለው እስከተቀመጡት ጥቃቅን የሴል ክምችቶች አድርሰው። ተመራማሪዎቹ ሞሩዚና ማጉን በ1949 (እ.ኤ.አ.) የድመትን የአንጎል ግንድ እዚያ መረብ ላይ በኤሌክትሪክ ሲነኩ፣ የእንቅልፍ የሚመስለው ዝግተኛ የአንጎል ሞገድ ወደ ንቁ ፈጣን ሞገድ ተለወጠ።

ሞቴ ያለው የደም ሥሩ ላይ ነው፤ እሱን አጉላልኝ። አንዳንድ ሰው ላይ የሁለቱንም ታላመስ መሃለኛ ክፍል የሚመግበው አንድ የደም ሥር ብቻ ነው፤ የፐርሼሮን ደም ሥር ይባላል። እሱ ሲደፈን በሽተኛው ብዙ ጊዜ እጅ እግሩ ሳይሰንፍ ድንገት እንቅልፍ ይጥለዋል። ስኳሩ ይለካል፣ ደህና ነው። ሲቲ ስካኑም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ከዚያማ «ጭንቀት ነው» ይባልና ቀኑ ይባክናል። የዐይን ቆቡን ገልጦ ዐይኑ ወደ ላይና ወደ ታች አልሄድ ማለቱን ያየ ግን ይጠረጥራል፤ ኤምአርአይ ያረጋግጥለታል።

እውነቱን ልንገርህ፣ የምፈራው ተማሪዎቹ «ንቃት የሚኖረው ታላመስ ውስጥ ነው» ብለው እንዳይወጡ ነው። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሲቃጠል አምፖሎቹ ደህና ሆነው ቤቱ ይጨልማል፤ ትራንስፎርመሩ ግን አምፖል አይደለም። ብዛትም አይደለም ቁም ነገሩ፦ ከ86 ቢሊዮን ገደማ የአንጎል ነርቭ ሴሎች 69 ቢሊዮን ያህሉ ኋላ ባለው ትንሹ አንጎል ውስጥ ናቸው፤ እሱ ሲጎዳ ሰው ይንገዳገዳል እንጂ ንቃቱን አያጣም። ስለዚህ ትንሹን አንጎልም ጥግ ላይ ለብቻው ሣልልኝ፣ ያለ ቀይ።

ስለ ክፍያው... እንዴት ልበልህ፣ ካንተ ጋር ዋጋ መነጋገር ያሳፍረኛል፤ አንተው ቁረጠው። ብቻ ቀዩ ላይ ሰያፍ መስመር ደርብበት፤ የሚባዛው በጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ ነው።