ለልጄ፦ ስለ ካሜራሽ ሰዓት

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ራስሽ ሠርተሽ የላክሽልኝን የጣና ፎቶዎች ድረ ገጽ በስልክም በላፕቶፕም ከፍቼ አየሁት። ፎቶዎቹ ሸጋ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ተዛብቷል። ጎህ ሲቀድ የወጣው የደንገል ታንኳ ከረፋዱ የዓሣ ገበያ በኋላ ተሰልፏል። ኮድሽን ደጋግመሽ አትፈትሺ፤ ጥፋቱ ካሜራው ላይ ነው።

የካሜራውን ሰዓት የሞላሽው በኛ አቆጣጠር ነው። ለካሜራ 12:30 ማለት ቀትር ካለፈ ግማሽ ሰዓት ነው። ገበያውን ያነሣሽበት ስልክ ሰዓቱን ከኔትወርክ ስለሚወስድ አልተሳሳተም፤ የሁለቱ ፎቶ ሲቀላቀል ነው ጉዱ የወጣው። ልብ በይ፣ ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን አይደለም። ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ 12:30 ብለሽ ከሞላሽ ካሜራው 6 ሰዓት ይቀድማል፤ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ 01:30 ካልሽው 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። የቀደመው ካሜራ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ያነሣሽውን የነገ ያደርገዋል። የዘገየው ደግሞ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያነሣሽውን የትናንት ያደርገዋል። ስለዚህ ዝም ብሎ 6 መቀነስ አንዳንዴ ስሕተቱን 12 ሰዓት ያደርሰዋል።

መላው ቀላል ነው፦ የስልክሽን ሰዓት በካሜራው አንሺው። ፎቶው ላይ የሚታየውን ሰዓትና ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን አስተያዪና ልዩነቱን ኤግዚፍቱል በሚባለው የፎቶ መረጃ ማስተካከያ ፕሮግራም ለሁሉም ፋይል በአንድ ትእዛዝ ደምሪ ወይም ቀንሺ። ፕሮግራሙ ዋናውን ፋይል ቅጂ አድርጎ ያስቀምጥልሻል፤ ውጤቱን በዓይንሽ ሳታዪ ቅጂውን አታጥፊ።

ከዚያ በኋላ ኮዱ ላይ ሦስት ነገር አስተካክዪ። ካሜራው ቀኑን 2024:09:11 ብሎ በሁለት ነጥብ ስለሚለይ ጃቫስክሪፕት (የገጽሽ የኮድ ቋንቋ) በደንብ አያነበውም፤ ቀኑ ላይ ያሉትን ወደ ሰረዝ ለውጪያቸው። መጨረሻው ላይ +03:00 (ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት እንቀድማለን ማለት ነው) ጨምሪ፤ አለዚያ በዓለም አቀፍ ሰዓት የሚሠራ ሰርቨር፣ ገጹን የሚያቀርበው ኮምፒውተር፣ የባሕር ዳርን ሰዓት የራሱ አድርጎ ይወስድና 3 ሰዓት ያዛባል። ዓመተ ምሕረቱን ራስሽ ለማስላት አትድከሚ፤ የጃቫስክሪፕት ኢንትል፣ ቀንና ቁጥር በየአገሩ ልማድ የሚጽፈው ክፍል፣ «ኢትዮፒክ» የሚባለውን መቁጠሪያ ያውቃል፣ ጳጉሜንም አይሳሳትም። ቋንቋውን አማርኛ ማድረግ ብቻ ግን አይበቃም፤ መቁጠሪያውን ለይተሽ ካልጠየቅሽው የፈረንጁን ነው የሚሰጥሽ። ሰዓቱንም አይለውጥልሽም፦ 6 ደምረሽ ለ12 አካፍዪ፣ ቀሪውን ውሰጂ፣ ቀሪው 0 ከሆነ 12 በዪው።

ገጹ ርካሽ ስልክ ላይ የሚንቀረፈፈው በኔትወርክ ብቻ አይደለም። 6000 በ4000 ፒክስል የሆነ ፎቶ በዲስክ ላይ 8 ሜጋባይት ቢሆንም ብራውዘሩ ሲፈታው ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ይይዛል፤ 96 ሜጋባይት ማለት ነው። ስፋቱን ወደ 1600 ስታወርጂው 7 ሜጋባይት አይሞላም።

ስታሳንሺው ተራውን ጠብቂ። ቀኑን ዳታቤዝ ውስጥ ጻፊ፣ ፎቶውን አዙሪ፣ ቀለሙን ወደ ኤስአርጂቢ (ለድረ ገጽ የተለመደው የቀለም ክልል) ለውጪ፣ አሳንሺ፣ በመጨረሻ ፋይሉ ውስጥ የተደበቀውን መረጃ (ቀን፣ ቦታ፣ የቀለም መግለጫ) አጥፊ። መረጃውን አስቀድመሽ ካጠፋሽው በስልክ ቁመቱን ይዘሽ ያነሣሽው ፎቶ ጎኑን ይተኛል፤ «አዙረህ አሳይ» የሚለው ምልክት የነበረው እዚያው ውስጥ ነዋ። የዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች ቀያቸው የደበዘዘውም በዚሁ ይመስለኛል፦ ፎቶው ሰፋ ባለው የቀለም ክልል፣ በአዶቤ አርጂቢ፣ ተነሥቶ የቀለም መግለጫው ሲጠፋ ብራውዘሩ ቁጥሩን በጠባቡ ኤስአርጂቢ ያነበዋል። መጥፋቱ ግን አይቀርም፤ በረንዳ ላይ ያነሣሽው ፎቶ የቤታችንን አድራሻ ይዞ እንዲዞር አልፈልግም።

ፍለጋውንም ሞከርኩት። «አባይ» ብዬ ስጽፍ ምንም የለም፤ አንቺ «ዓባይ» ብለሽ ነዋ የጻፍሽው። ለኮምፒውተር አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ አራት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ደግሞ ስድስት። «ፀሐይ» ብቻዋን 12 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣታል። የዩኒኮድ (የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ሥርዓት) ማስተካከያ አያዋህዳቸውም፤ መተኪያ ሰንጠረዥ ራስሽ ሥሪ። ፈላጊው የጻፈውንም የፎቶውን ርእስም በዚያው አሳልፊ፣ ለንባብ የሚታየው ግን አንቺ እንደጻፍሽው ይቆይ። የ«ሠራዊት»ን ሠ በሰ መተካት ለማሽን እንጂ ለአንባቢ አይደለም።

ለመስቀል ስትመጪ ጢስ ዓባይ ሙሉ ነው። ውኃውን እንደ ባዘቶ ለማለስለስ ትራይፖድና ብርሃኑን 6 ስቶፕ (ስድስት ጊዜ በግማሽ) የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር፣ ሌንስ ላይ የሚገጠም ጥቁር መስታወት፣ ያዢ፦ በጠራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ (የብርሃን ትብነት) 100፣ ኤፍ (የሌንስ ቀዳዳ) 11 ላይ 1/200 ሰከንድ የነበረው ወደ 1/3 ሰከንድ ይረዝማል። ፎቶውን እስክታነሺ ድረስ ሌንሱን ሸፍነሽ ያዢው፤ ፍንጣሪው ነፋሱ እንደዞረ ይመጣል። ሦስት ደረቅ የጥጥ ጨርቅ አትርሺ፤ አንዱ ከራሰ በኋላ መጥረግ አይደለም፣ መለቅለቅ ነው።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

አባትሽ
ከባሕር ዳር