ብረት ሲያጣ ነው መርዙን የሚያወጣው

እንዴት ነሽልኝ የኔ እህት? እናትሽስ፣ እግራቸውን ተሻላቸው? ልጅሽ እኔ መጨረሻ ያየሁት ፎቶ ላይ ገና ጥርስ አላወጣም ነበር፣ አሁን ሮጦ ሰው ሳያስቸግር አይቀርም። አውቃለሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፍት አልኩ። መጀመሪያ ቢዚ ሆኜ ነው፣ ከዛ ደግሞ አፍሬ፣ አንዴ ከዘገየ በኋላ ሰው ምን ብሎ ይጀምራል።

ያጠፋኝ ምን መሰለሽ፣ ብረት። ትዝ ይልሻል ማይክሮባዮሎጂ ክላስ ላይ ጉሮሮ የሚያፍነው የዲፍቴሪያ በሽታ ባክቴሪያ ብረት ሲያጣ ነው መርዝ የሚያመርተው ሲባል አንቺ እጅሽን አውጥተሽ "የራበው እንዴት አቅም አገኘ?" ብለሽ ክላሱን በሳቅ የገደልሽው? ይኸው ጀርመን ድረስ መጥቼ የማስተርስ ስራዬ የዛ ጥያቄ ጎረቤት ሆኖ አረፈው።

ባክቴሪያ ያለ ብረት አይኖርም፣ ግን ሲበዛም ይገለዋል፣ ትርፍ ብረት ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ራዲካል የሚባል ዲኤንኤ የሚበጣጥስ ቁጡ ሞለኪውል ይፈጥራላ። ስለዚህ ዘበኛ አስቀምጧል። ኢ ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ውስጥ ዘበኛው ፉር የሚባል ፕሮቲን ነው። ብረት ሲጠግብ ብረቱ ራሱ ፉር ላይ ይጣበቅና ፉር ሄዶ ብረት አስገቢዎቹ ጂኖች መነሻ ላይ ቁጭ ይላል፣ ጂኑን የሚያነበው ኢንዛይም መቆሚያ ያጣል። ብረት ሲያልቅ ፉር ይለቃል፣ ጂኖቹ ይከፈታሉ፣ ባክቴሪያው ሲደሮፎር የሚባል ብረት ለቃሚ ሞለኪውል ወደ ውጪ ይልካል። ፉር ለዚንክ ዙር የሚባል ዘመድ አለው። አርሴኒክ ላይ ደግሞ ግልብጡ ነው፣ እዛ ያለው ዘበኛ ባዶውን ሲሆን ነው ዲኤንኤው ላይ የሚቀመጠው፣ አርሴኒኩ ሲመጣና ሲይዘው ይነሳል፣ መርዙን ጠርጎ የሚያስወጣው ፓምፕ ይመረታል።

የዲፍቴሪያው ዘበኛ ዲቲኤክስአር ይባላል፣ እሱ ከብረት አስገቢዎቹ ጋር የመርዙንም ጂን ይዘጋል። የገረመኝ ያ ጂን የባክቴሪያው የራሱ አለመሆኑ ነው፣ ባክቴሪያ የሚያጠቃ ቫይረስ ይዞት የገባ ነው፣ ፍሪማን የሚባል ሰው ነው በ1951 መርዘኛነቱን ከቫይረሱ ጋር ያገናኘው። እንግዳ ሆኖ ገብቶ ለቤቱ ዘበኛ ይታዘዛል!

ለጥያቄሽ መልስ ይኸው። ሰውነታችን ብረቱን ትራንስፈሪንና መሰል ፕሮቲኖች ላይ አስሮ ነው የሚይዘው፣ ለባክቴሪያ የተረፈ የለም። ስለዚህ ረሃቡ ለሱ አድራሻ ነው፣ "ሰው ውስጥ ገብቻለሁ" ማለት ነው። መርዙን ያኔ ይለቃል።

እኔ ደግሞ ባክቴሪያዬን ማስራብ አቃተኝ አልልሽም! ፉር ሲለቅ አረንጓዴ እንዲያበራ አድርጌ ሰርቼው ሦስት ወር ሙሉ ጨለማ። መብራቱን ያስገባሁበትን ክብ ዲኤንኤ፣ ፕላስሚዱን ጠረጠርኩ፣ ራሴን ጠረጠርኩ፣ ሽንት ቤት ገብቼ ሁሉ አለቀስኩ። ለካ ብረቱ ከብርጭቆው ነው የሚመጣው! ጠርሙሶቹን በአሲድ አላጠብኳቸውም ነበር፣ ያቺ ታህል ኩርማን ብረት ፉርን በቦታው ለማቆየት በቂ ናት። አጥቤ በደገምኩት ቀን እንደ ገና በዓል መብራት ቦግ አለ።

ከዛ ሳነብ ፓፐንሃይመርና ጆንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1936 ይሄንኑ ነገር መርዙ ላይ አይተውታል፣ ምግቡ ውስጥ ትንሽ ብረት ከበዛ መርዙ ይጠፋል። ዛሬም ክትባት ሲሰራ ብረቱን እየተቆጣጠሩ ነው ባክቴሪያውን የሚያሳድጉት፣ መርዙን በብዛት አስመርተው በፎርማሊን ያከሽፉታል። አንቺ ባህር ዳር ቁጭ ብለሽ በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንት የህፃናት ጭን ላይ የምትወጊው ፔንታ የሚባለው አምስት በአንድ ክትባት ውስጥ ያለው የዲፍቴሪያ ክፍል እሱ ነው። አንቺ ትዝ ያልሽኝ እዚህ ጋ ስደርስ ነው፣ በቃ ልጻፍላት አልኩ።

እናቴ አሁንም ጤፍ ትልክልኛለች፣ አይረን አለው እያለች። ከፊሉ እኮ ከአውድማው አፈር ነው ብያት ተቆጥታ ስልኩን ዘጋችብኝ። እሁድ ማታ እደውላለሁ፣ አንቺ እንኳን እንዳትዘጊብኝ። የልጁን ፎቶ ላኪ።