አልሰጠምንም፤ እግዚአብሔር ይስጥልን

መጀመሪያ ነገሩ ግልጽ ይሁን። «ሙሉ ቤተሰብ ሰጠመ» ተብሎ ስለኛ የተወራው ውሸት ነው። ማንም አልሰጠመም። ጀልባዋም አልሰጠመችም። ለመስጠም ውሃ ያስፈልጋል፤ እኛ የቆምንበት ቦታ ውሃው ወገብ እንኳ በቅጡ አይደርስም ነበር።

ይህን የምጽፈው የሐምሌ ገብርኤል ማግስት፣ እሁድ፣ ቼሳፒክ ቤይ በሚባለው የአሜሪካ ባሕረ ሰላጤ ላይ ጀልባችን ደለል ይዟት ስለደረሰብን ነገር ነው። ያን ሌሊት ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ፣ ከባሕር ዳርና ከዱባይ ያልደወለ ወዳጅ ዘመድ የለም። ስልኬ በማግስቱ ሲከፈት ጠባቂ እንደሌለው በር ነበር፤ መልእክቱ ዝም ብሎ ይገባል። ለእያንዳንዳችሁ ደውዬ ላመሰግን ሞከርኩ፤ አልተቻለም። ስለዚህ ለሁላችሁም እዚሁ ልናገር። ሰዓቱን በአሜሪካው ነው የምጽፈው።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሱን አስቀድሜ ልበልና ልገላገል። ጀልባዋን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ተዋጥተን የገዛናት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። 25 ጫማ የምትረዝም አሮጌ ባለ ሸራ ናት። ከሆዷ ሥር ኪል የሚሉት ከባድ ነገር አለ፤ ነፋስ ሲገፋት እንዳትገለበጥ የሚይዛት እሱ ነው። ያ ኪል ውሃ ውስጥ 4 ጫማ ይወርዳል። ከዚያ ያነሰ ውሃ ለኛ ውሃ አይደለም፣ መሬት ነው። ይህን በደንብ አውቃለሁ። የሜሪላንድ ግዛት ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው ጀልባ ለመንዳት ኮርስ ወስዶ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ታስገድዳለች፤ እኔም ይዣለሁ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ እያለ ነው መሬት የያዝኩት፤ ማለትም ኪሉን ደለል ላይ የተከልኩት።

ቼሳፒክ አታላይ ነው። 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ መሀሉ ሆነህ ስታየው ውቅያኖስ ነው። አማካይ ጥልቀቱ ግን 6 ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ጣና እንኳ በአማካይ ከዚህ ይጠልቃል። ድሮ የሳስኮሃና ወንዝ ሸለቆ ነበር አሉ፤ የበረዶው ዘመን አልፎ ባሕሩ ከፍ ሲል ሸለቆውን ዋጠው። የድሮው ወንዝ መንገድ መሀል ለመሀል ጥልቅ ሆኖ ቀርቷል፤ ከ50 ሜትር በላይ የሚወርድ ቦታ አለው። ዳር ዳሩና የወንዞቹ አፍ ግን ደለል ነው። እኔ ደግሞ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ውሃ አውቃለሁ ባይ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለውን ስሰማ ያደግሁ ሰው፣ እየሳቅሁ ገባሁበት።

እናቴ ከባሕር ዳር ከመጣች ወር አልሞላትም። ጣና ዳር ተወልዳ፣ ጣና ዳር ወልዳ፣ ጀልባ ላይ የወጣችው ሁለቴ ነው፤ ሁለቱም ዘጌ ለመሳለም። ክብራን ገብርኤል ከከተማው ፊት ለፊት ነው፤ ሴት ግን አይገባበትም። ዕድሜዋን ሙሉ ደሴቱን ከዳር እያየች ነው የተሳለመችው። «ልጄ ጀልባ አለው» ብላ ለሰፈሩ አውርታ ስለመጣች ሳላወጣት ብትመለስ ጉድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከገብርኤል የተረፈውን ድፎ ዳቦ ይዘን፣ ዌስት ሪቨር ከሚባለው ወንዝ ወጣን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችን፣ እናቴና ከጀልባዋ ባለቤቶች አንዱ የሆነው ጓደኛዬ። ባለቤቴ ሁሉንም ላይፍ ጃኬት አስለበሰች። እናቴ በሐበሻ ቀሚሷ ላይ ብርቱካንማ ጃኬት፣ በጃኬቱ ላይ ነጠላ። ፎቶው አለ፤ እሷ ካልፈቀደች ግን አልለጥፍም።

ወደ ሰሜን ስንሄድ ቶማስ ፖይንት የሚባለው መብራት ቤት ጋ ደረስን። በ1875 የተሠራ ነጭ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቤት ነው። ውሃው መሀል፣ እንደ ብሎን ወደ ጭቃው ተጠምዝዘው በገቡ የብረት እግሮች ላይ ቆሟል። እናቴ ብዙ አየችውና «ባሕታዊ ነው እዚህ የሚኖረው?» አለች። ማንም እንደማይኖርበት፣ መርከቦች ከየብሱ የሚዘረጋው ደለል ላይ እንዳይወጡ ለማስጠንቀቅ እንደተሠራ አስረዳኋት። አስረዳኋት! ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ያ ደለል ላይ ወጣሁ።

ስንመለስ ከምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። እዚህ አገር የሐምሌ ከሰዓት ዝናብ እንደኛው ክረምት ነው፤ ሲመጣ አይለምንም። መብራት ቤቱን በውጭ በኩል ዞሮ ማለፍ ነው ደንቡ። እኔ ግን በመብራት ቤቱና በየብሱ መሀል ብቆርጥ ሃያ ደቂቃ አተርፋለሁ አልኩ። ጓደኛዬ «ቻርቱን አንዴ እንየው» አለኝ፤ የውሃውን ጥልቀት የሚያሳየውን ካርታ ማለቱ ነው። «ለኔ ውሃ አታስተምረኝ» አልኩት። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልኩት፤ ምስክር አለው።

መሬት መያዝ ድምፅ ያለው ይመስላችኋል? የለውም። ጀልባዋ አውቶብስ ቀስ ብሎ ፍሬን ሲይዝ እንደሚሆነው ሆነች። የልጆቹ ጭማቂ ጠረጴዛው ላይ ወደፊት ተንሸራተተ። ከዚያ ጸጥ። እናቴ ቀና ብላ «ደረስን እንዴ?» አለች።

5 ሰዓት ከሩብ ነበር። ሸራውን እንዳወረድን ዶፉ ወረደ፣ መብረቅም ተከተለው። ጠፍጣፋ ውሃ ላይ ረጅም ምሰሶ ያለው ነገር እኛ ብቻ ነን። ልጆቹን ታች አስገባን። እናቴ «ቂርቆስን ከፈላ ውሃ ያወጣ ገብርኤል» እያለች ልጆቹን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። አርባ ደቂቃ ያህል ቆየ። ሲያልፍ ደግሞ የባሰ ነገር መጣ፤ ነፋሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞረ። እዚያ አካባቢ በጨረቃ ስበት በየቀኑ ከፍና ዝቅ የሚለው ውሃ አንድ ጫማ ያህል ነው፤ ብዙም አይቆጠርም። የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲጸና ግን ውሃውን ጠርጎ ወደ ውቅያኖስ ይሸኘዋል። ጀልባዋ ቀስ እያለች ወደ ጎን ማዘንበል ጀመረች።

ምስጋናዬ እዚህ ይጀምራል።

ሬዲዮው ላይ የድንገተኛ ጥሪ በሚደረግበት በቻናል 16 ስጠራ መልስ የሰጠችኝን የኮስት ጋርድ፣ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ፣ ሴት መልኳን አላውቅም። ስንት ሰው ናችሁ? ሁሉም ጃኬት ለብሷል? ውሃ እየገባ ነው? የተጎዳ አለ? አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ ድምፅዋ ጉሊት እንደምትገዛ ሰው የተረጋጋ ነው። ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ እነሱ ጀልባ አይጎትቱም፤ ጉዳዩን ለጎታቾች ታስተላልፋለች። ግን በየሰላሳ ደቂቃው እየጠራች «እንዴት ናችሁ» ትለን ነበር። ባለቤቴ ያቺን ድምፅ እየጠበቅሁ ነው ያልፈራሁት ትላለች።

ለኔ ጥፋት ካሣውን የከፈለው ደግሞ ጓደኛዬ ነው። መልሕቁን ጥልቅ ውሃ ውስጥ ጥሎ በገመዱ ጀልባዋን ወደዚያ መሳብ የታወቀ ዘዴ ነው። አብዛኛው ሰው በትንሽ ጀልባ ነው መልሕቁን የሚወስደው። እሱ ትከሻው ላይ ተሸክሞ በእግሩ ሄደ! ባሕር መሀል፣ መልሕቅ እንደ እንጨት ተሸክሞ፣ በእግሩ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ቼሳፒክ ጄሊፊሽ ይበዛበታል። ሁለቱም እግሮቹ ተለብልበው እንደ በርበሬ ቀልተው ተመለሰ። ገመዱን እስኪያቅተን ሳብን፤ ጀልባዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ወንድሜ፣ ያን ቀን አንዴም «ብዬህ ነበር» አላልክም። አሁንም አላልክም። እየጠበቅሁ ነው።

ከዚያ ሽማግሌው መጣ። ሸርጣን አጥማጅ ነው። እሁድ ስለሆነ ቤቱ ተቀምጦ ነበር፤ ሬዲዮው ላይ «ልጆችና አንዲት እናት» ሲባል ሰምቶ ወጣ። የእሱ ጀልባ ሆዷ ጠፍጣፋ ነው፤ እኛ የተተከልንበት ላይ ተንሳፋ ትመጣለች። ሞተሩን አጥፍቶ በረጅም እንጨት እየገፋ ተጠጋን። ልጆቹን ተቀበለ። እናቴ ጋ ሲደርስ ችግር መጣ። ጀልባችን ስላዘነበለች የምትረግጠው ቦታ የለም፣ ቀሚሷ ረጅም ነው፣ ጉልበቷ ያማታል። ሰውዬው የእኛን ጠርዝ በአንድ እጁ ጨብጦ ሌላውን ዘረጋላት። እጁ የጠባሳ ዓይነት ያለበት፣ እንደ ገመድ የሻከረ ነው። አልጎተታትም። ዝም ብሎ ዘርግቶ ጠበቃት። እሷም እጁን አየችው፣ ፊቱን አየችው፣ «እሺ ልጄ» ብላ ተሻገረች። ሰባ ዓመት የሚሆነው ፈረንጅ ነው ልጄ ያለችው። ሰውዬው በራሱ ቋንቋ መልስ ሰጣት፤ ሁለቱም የገባቸው ይመስላል።

ገንዘብ ብንለው አልቀበል አለ። እናቴ ድፎውን ቆርሳ ሰጠችው፤ እሱን ተቀበለ። ጀልባው ላይ ቆሞ በላውና እናቴንና ልጆቹን ይዞ ወደ ማሪናው፣ ወደ ጀልባ ማቆሚያው፣ ሄደ። ይህን ጽሑፍ ተርጉሜ እወስድለታለሁ፤ ድፎም እጨምራለሁ።

ጎታቹ ካፒቴን ከምሽቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ሁለት ጊዜ ሞክሮ የጀልባዋ መሪ ተሰበረ። «ከዚህ በኋላ በጉልበት ከሳብኳት ትበላሻለች፣ ውሃውን እንጠብቅ» አለ። ጥሎን መሄድ ይችል ነበር። መልሕቁን ጥሎ እስከ እኩለ ሌሊት አብሮን ተቀመጠ። በፋኖሱ ብርሃን ቻርቱን ዘርግቶ አሳየኝ፤ ቁጥሮቹ የጥልቀት ናቸው፣ በጫማ፣ ያውም ውሃው ዝቅ ሲል የሚለካው። የቆረጥኩበትን መንገድ በጣቱ ሲከተለው አንገቴን ደፋሁ። አንድም ጊዜ አልሳቀብኝም። 12 ሰዓት ከአርባ ላይ ነፋሱ ረግቶ ውሃው ተመልሶ ስለነበር፣ ጀልባዋ አንዴ ተነፈሰችና ተንሳፈፈች።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ባለቤቴ ዝናቡ መሀል ለእህቷ ደውላ ስልኩ ተቋረጠ። እህቷ ደንግጣ ለጸሎት ቡድኑ ጻፈች፤ እሷን አልወቅስም። ከዚያ ግን አንድ ገጽ ላይ «ሙሉ ቤተሰብ ሰጠመ» ተብሎ ወጣ፤ ከማላውቀው ሰው ፎቶ ጋር። ማን እንደጻፈው አልናገርም። ንጋት ላይ ባሕር ዳር ደርሷል። የአክስቴ ቤት ሰው ሞልቶ፣ ጎረቤት ድንኳን ለመከራየት ተነስቶ ነበር። እናቴ በልጄ ስልክ ደውላ «ምን ሆናችሁ ነው የምታለቅሱት?» ስትል አክስቴ ስልኩን ጥላ ሮጠች አሉ። አክስቴ፣ ይቅር በይኝ። የድንኳኑንም ቀብድ እከፍላለሁ።

እኩለ ሌሊት አልፎ ማሪናው ስንገባ ግን ምን አየሁ? መኪና። ከሰላሳ የማያንስ ሰው። ከታክሲ ሥራ በቀጥታ የመጣ፣ የነርስ ልብሷን ሳታወልቅ የመጣች፣ ሕፃን አቅፎ የመጣ። አባታችን ካባቸውን ደርበው ዳር ላይ ቆመዋል። ሰፈራችን ያሉት ጋሼ፣ ጉልበታቸውን ታመው ደረጃ የማይወጡት ሰው፣ ወንበር አምጥተው ከእናቴ ጎን ተቀምጠው ሲያጫውቷት ነበር። የእድሩ ሴቶች በዚያ ሌሊት ሽሮ ከየት አፍልተው እንዳመጡ እስካሁን አልገባኝም። የማሪናው ጠባቂ፣ አሜሪካዊ ነው፣ በሩን በሌሊት መክፈት አይጠበቅበትም ነበር። ከፈተ። ሽሮውንም በላ፤ ውሃ ግን ደጋግሞ ጠየቀ።

የጉትቻውና የመሪው ጥገና ወጪ ከበደን። አንድ የዕቁባችን አባል በወሩ የደረሰውን «የኔ ይቆይ» ብሎ ለኔ ለቀቀልኝ። ስሜን እንዳትጠራ ስላለኝ አልጠራውም። ዕዳ እንጂ ስጦታ አይደለም ብያለሁ፤ በጊዜው እመልሳለሁ።

ባለቤቴ ሆይ፣ «ጃኬት ልበሱ» ስትዪ ስንቱን አጉረመረምኩ። ተመስገን እንጂ ምን ልበል።

እናቴ ደህና ናት። ጉልበቷን አሞቅንላት፤ ለሚጠይቃት ሁሉ ታሪኩን ትናገራለች፤ እኔ የማውቀው ደለል በእሷ አፍ አሁን ጥልቅ ባሕር ሆኗል። እኔም አላርማትም። ከመሄዷ በፊት አንዴ እንደገና ውጪ አውጣኝ ብላለች፤ ጓደኛዬ ቻርቱን ይይዛል፣ እኔ እታዘዛለሁ።

አንድ ነገር ቀረ። በዚያ ሌሊት ሻይ ያመጣችሁ፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ ቀይ ፔርሙስ እኛ ጋ ቀርቷል። አንድ ነጠላም አለ፣ ጥለቱ አረንጓዴ። የማን እንደሆኑ አላወቅንም። ባለቤቱ ይደውልልን፤ ቤት ድረስ አመጣለሁ።