ፊደሉን ትልቅ አድርጌዋለሁ

ይድረስ ለእማዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ዓይንሽስ? ባለፈው ስንደዋወል «ለመሆኑ እናንተ ምንድነው የምትሠሩት?» ስትዪኝ «ካሜራ ነገር» ብዬ አለፍኩሽ። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ቆጨኝ። ይኸው ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

አምስት ነን። የምንሠራው ማሽን የተሰፋ ልብስ በካሜራ እያየ ስፌቱ የዘለለበትን፣ ክሩ የላላበትን፣ ጨርቁ የተኮማተረበትን ይለያል። አዎ፣ አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ በዓይንሽ ስትሠሪው የኖርሽውን። አትሳቂ።

ስታርትአፕ፣ ማለትም እንደኛ ያለ ጀማሪ የቴክኖሎጂ ኩባንያ፣ ሲባል ለሰው የሚታየው ኮምፒውተር ላይ የተደፋ አንድ ጎበዝ ልጅ ነው። ከእኛ ኮድ የሚጽፉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አንዱ ካሜራና ሽቦ ያገጣጥማል። እኔ ደንበኛ እለማመጣለሁ፤ ደሞዝ ሲዘገይም ሁሉም ዞሮ የሚያየው እኔን ነው።

አምስተኛዋን ልጅ ግን ብታውቂያት ደስ ይለኛል። ማሽኑ ጨርቅ ምን እንደሆነ አያውቅም። ለእሱ ፎቶ ማለት የቁጥር መደዳ ነው፤ ድፍን ጥቁሩ 0፣ ነጩ 255፣ ግራጫው በመሃል። እና ይቺ ልጅ ቀኑን ሙሉ ፎቶ እየከፈተች ብልሽቱ ላይ ሳጥን ትሥላለች። «ሌብል ማድረግ» እንለዋለን። አንድ ፎቶ ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራክረን እናውቃለን። እሷ «እጥፋት ነው» ትላለች፣ እኔ «ዘሏል» እላለሁ። እኛ ካልተስማማን ማሽኑ ከማን ይማር?

ይሄን ሥራ የሚሠራ ሰው ግን ስሙ የትም አይነሳም። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነ ኢሜጅኔት የሚባል የፎቶ ክምችት አለ፤ 14 ሚሊዮን ያህል ምስል። ስማቸው የሚነሳው ፕሮፌሰር ፌይ-ፌይ ሊ ናቸው፤ ይገባቸዋልም። ምስሎቹን እያዩ የለዩት ግን ወደ 49 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ናቸው፣ ከ160 በላይ አገር ሆነው፣ በኢንተርኔት፣ ለሳንቲም።

በዚያው ክምችት ነው በ2012 አሌክስ ክሪዤቭስኪ የሚባል ተማሪ ከኢሊያ ሱትስኬቨርና ከመምህራቸው ከጄፍሪ ሂንተን ጋር ሆኖ ኮምፒውተር ፎቶ እንዲለይ ያስተማረው፤ በዚያ ክምችት ፎቶ የመለየት ውድድር ይካሄድ ነበር፤ እሱን በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። የት ሆኖ ያስተማረው ይመስልሻል? ወላጆቹ ቤት፣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ፣ ለጌም በተሠሩ ሁለት የግራፊክስ ካርዶች። የመብራቱን ማን ከፍሎለት ይሆን? ከዚያ ሦስቱ ትንሽ ኩባንያ አቋቋሙ። የሚሸጥ ምርት እንኳ አልነበራቸውም፤ ጎግል በጨረታ በ44 ሚሊዮን ዶላር ገዛቸው። እኛን እንዲህ የሚገዛን የለም፣ ተስፋ እንዳታደርጊ።

አሁን ልነግርሽ ወደፈለግኩት ልምጣ። ሦስት ወር ሙሉ ማሽናችን ጥቁር ጨርቅ ላይ ታወረ። ደህናውን ብልሽት፣ ብልሽቱን ደህና ይላል። ሞዴሉን፣ ማለትም ከፎቶዎቹ የሚማረውን ፕሮግራም፣ ቀየርን፣ ፎቶ ጨመርን፣ ወይ ፍንክች። አንድ ደንበኛችን ታክቶት ሄደ።

አንድ ማታ ብቻዬን ቀርቼ አንዱን ጨርቅ አነሳሁ። እጄ በራሱ ጊዜ ወደ ጎን አዘነበለው። ትዝ ይልሻል? የሰፋሽውን ልብስ ከማስረከብሽ በፊት ወደ መስኮቱ ትወስጂውና ከዓይንሽ ትይዩ አድርገሽ፣ አንገትሽን ሰበር አድርገሽ በአግድም ታዪው ነበር። እኛ መብራቱን የሰቀልነው ከላይ ነው። ከላይ የሚመጣ ብርሃን ጥላውን ያጠፋዋል፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ ጥቁር ክር ከጥቁር ጨርቅ በምን ይለያል?

በነጋታው የሽቦው ልጅ መብራቱን አውርዶ ጨርቁን ሊነካ ምንም እስከማይቀረው ድረስ በጎን በኩል አሰረው፣ ያውም በፕላስተር። እያንዳንዷ ስፌት ትንሽዬ ጥላ ጣለች። የዘለለበት ቦታ ላይ ጥላው ተቋረጠ። ፎቶዎቹን በዚህ ብርሃን እንደገና አንስተን፣ ልጅቷም እንደገና ሳጥን ሥላ ስንሞክረው ያው ሞዴል፣ ያው ኮድ፣ አየ! «ከየት አነበብከው?» አሉኝ። «እናቴ ናት» ስላቸው የቀለድኩ መሰላቸው።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ገንዘብ የዘገየብሽ ጊዜ «የባንክ ሲስተም ነው» ብዬሽ ነበር። ውሸቴን ነው። ሁለት ወር ደሞዝ አልወሰድኩም። ሳጥን የምትሥለዋን ልጅ ክፍያ ማስቀረት ግን አልሆነልኝም። አሁን ተስተካክሏል፣ አትጨነቂ።

ከደብዳቤው ጋር ሃያ ፎቶ በትልቁ አሳትሜ ልኬልሻለሁ፤ ከልጅቷ ጋር መስማማት ያቃተን ናቸው። የዘለለውን በእርሳስ ክበቢልኝ። የየአንዳንዱን ቁራጭ ጨርቅም ከጀርባው አያይዤዋለሁ። መርፌ ማስገባት አቅቶኛል ብለሽኝ የለ? ዓይንሽ እንቢ ካለሽ ፎቶውን ተይው፣ ጨርቁን በጣትሽ ዳሺው።

ልጅሽ