ማሽኑን ከማስገባትህ በፊት

ሰንዳፋ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሳልጽፍልህ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስትደውልም አላነሳሁም። ዋስ ሆነህ ያስቀጠርከኝን ኮምባይነር ሰብሬ በምን ዐይኔ ልይህ?

ባለፈው ሳምንት የአጎትህን ልጅ ለገጣፎ አገኘሁት። የራስህን ኮምባይነር እንደገዛህና ዘንድሮ ከአሳሳ ወደዚህ ልታመጣው እንደሆነ ነገረኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን ሳልነግርህ ብትመጣ ይቆጨኛል።

ያን ቀን የሆነውን ከእኔ አፍ አልሰማህም። ታኅሣሥ 2015 ነበር። ያለወቅቱ ሰማዩ ጠቁሯል። ገበሬዎቹ ተራ ይዘው ይጣራሉ። ስንዴው በንፋስ ስለተኛ ማጨጃውን ከመሬት ጋር ላጣብቅ ትንሽ ነው የቀረኝ። «ኳ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንዴ ብቻ። መቆም ነበረብኝ። «ድንጋይ መያዣ ሳጥኑ ይዞታል» አልኩና ቀጠልኩ። ሳጥኑ ግን ከጠዋት ጀምሮ አልተከፈተም። በጭቃና በገለባ ጢም ብሎ ለድንጋይ ቦታ አልነበረውም። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

መውቂያ ከበሮው ስንዴ ላይ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ800 እስከ 1000 ዙር ይዞራል። ከሥሩ ካለው ፍርግርግ ጋር ያለው ክፍተት ቢበዛ የጣት ውፍረት ነው። ጡጫ የሚያክል ድንጋይ እዚያ ከገባ በየት ይወጣል? መቺ ብረቶቹ ጎበጡ፣ ፍርግርጉ ተጣመመ፣ ኩሽኔታው አለቀ። መለዋወጫ ፍለጋ መርካቶ ስመላለስ ዝናቡ ወረደ። ከገንዘቡ በላይ የሚያመኝ ይሄ ነው። ተራ የያዙ አንዲት እናት ነበሩ። ስንዴያቸው ሳይታጨድ እዛው ማሳው ላይ፣ ዛላው ላይ እንዳለ በቀለ። ምንም አላሉኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የአሳሳን ሜዳ ለምደህ እዚህ እንዳትታለል። የዚህ አገር አፈር መረሬ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ እንዲህ እያለ ድንጋዩን ከሥር ይገፋዋል። አምና የተለቀመ ማሳ ዘንድሮም ድንጋይ አያጣም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ከተማው ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ትርፍ ድንጋዩንና ቁርጥራጭ ፌሮውን ማሳ ዳር ይደፋል። ለወሰን የተተከለው ድንጋይ ስንዴው ሲያድግ ይዋጣል። አምና ስንዴ መሃል አንድ ሜትር የሚሆን ፌሮ ቆሞ አገኘሁ። በእግሬ ባልዞር ኖሮ በማሽኑ ነበር የማገኘው።

አሁን ሳልዞር ማሽን አላስገባም። በዋዜማው ማታ ከባለቤቱ ጋር ማሳውን እናካልላለን። ባለቤቱን እንጂ ልጁን ወይም ደላላውን አትከተል። ማረሻው የት እንደሚነጥር፣ በሬዎቹ የት እንደሚቆሙ የሚያውቀው ያረሰው ሰው ነው። ድንጋይ ያለበት ላይ እንጨት ተክለን ቀይ ፌስታል እናስርበታለን። የሚነሳው ይነሳል፤ የማይነሳው ዙሪያውን ተትቶ በማጭድ ይታጨዳል። የዘንድሮው ካለፈ በኋላ ደግሞ ገበሬዎቹን በደቦ እንዲለቅሙ ለምናቸው። ከዘር በኋላ፣ ቡቃያው ሳይሸፍነው፣ ድንጋዩ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሳጥኑን ጠዋት ክፈተው፣ ቀትር ላይ ድገመው፣ ማሳ በቀየርክ ቁጥርም እንደዛው። ሞተር አጥፍተህ፣ ቁልፉን ኪስህ ከተህ። ረዳትህ ምንም ቢቸኩል በሚዞር ማሽን ውስጥ እጁን እንዳይሰድ።

ማጨጃውን ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ አድርግ። እዚህ ላይ ትጣላለህ። አዲስ አበባ ዙሪያ ገለባ ውድ ነው፤ ገበሬው ከሥር ካልታጨደልኝ ይላል። እውነቱን ነው፣ ከብት አለው። ረጋ ብለህ አስረዳው፤ የቀረውን አገዳ በማጭድ ይወስደዋል። የተኛ ስንዴ ላይ ዝቅ ማለትህ ካልቀረ ቀስ በል። ክፍያው በኩንታል ስለሆነ ማሽኑን ማፍጠን ያምርሃል፤ አውቀዋለሁ። ቢላው ድንጋይ ሲመታ ደግሞ ብልጭታ አለ። በደረቅ ገለባ መሃል አንድ ብልጭታ ማሳ ይጨርሳል። እሳት ማጥፊያና ውሃ ሳትይዝ አትግባ።

ያቺን «ኳ» ከሰማህ ደግሞ እዚያው ቁም። ዝናብ ቢመጣም፣ ሰው ቢጮህም። ወርደህ እይ።

የማሽኑን ዕዳ ባለፈው ሰኔ ከፍዬ ጨረስኩ። አንተ በዋስትናህ የከፈልከውንም ቆጥሬ አስቀምጬልሃለሁ፤ ስትመጣ እሰጥሃለሁ። ማረፊያ አትፈልግ፣ ቤቴ አለ። የመጀመሪያውን ማሳ አብረን እንዞረዋለን። ከአሳሳ ስትነሳ ደውልልኝ፤ አሁን አነሳለሁ።

ወንድምህ