አሠልጣኝና ሠልጣኝ በአንድ ወገን

ክቡር አዘጋጅ፦

ተማሪን ማዕከል ያደረገ ትምህርት የመምህሩን ሥራ ያቀልላል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በቴክኒክና ሙያ ተቋም ብየዳ የማሠለጥነው እኔ ግን የማየው ተቃራኒውን ነው። ብቃትን መሠረት ባደረገው ሥልጠናችን የመጨረሻውን ምዘና የሚያካሂደው በሙያ ደረጃው (ለሙያው በወጣው የብቃት መስፈርት) የሚመራ ሌላ መዛኝ ሲሆን፣ ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» እንጂ ከመቶ የሚታሰብ ነጥብ አይደለም። በዚህም ምክንያት፣ ላሜራው ሲበሳበት ይደብቀኝ የነበረው ልጅ (ማርክ እንዳልቀንስበት ነበር መሰለኝ) ዛሬ ብረቱን ይዞልኝ መጥቶ «መምህር፣ እጄ የት ላይ ዘገየ?» ይለኛል፤ ለእያንዳንዱ እንዲህ መልስ መስጠት ደግሞ ሥራዬን ያበዛዋል እንጂ አያቀልለውም። ሆኖም 30 ሠልጣኞች በ2 የብየዳ ማሽኖች ተራ በሚጠብቁበት ወርክሾፕ፣ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ይማራል ማለት ከዕቅድ ወረቀቱ አያልፍም።

ከአንድ የሙያ አሠልጣኝ