ከነዳጁ በፊት አየሩ፦ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የ2018 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጉዳይ ላይ ቆየ፤ የመኪና ሞተር። ሌላ ጊዜ በየወሩ ርዕስ እንቀያይር ነበር። ዘንድሮ ግን መስከረም ላይ፣ አባላት ገና ሲመዘገቡ፣ ልጆቹ "ናፍጣ ይሻላል፣ ቤንዚን ይሻላል" እያሉ ይከራከሩ ጀመር። በዚያው ወር ሶማሌ ክልል ውስጥ የካሉብ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። ክርክሩ "ጋዝ ይሻላል" የሚል ሦስተኛ ወገን አገኘ። ተማሪዎች ማንም ሳያዛቸው የሚሟገቱበት ርዕስ ከተገኘ አስተማሪ ሌላ ፍለጋ መሄድ የለበትም ብዬ አምናለሁ። እዚያው ቀጠልን።

የጀመርነው ከአየር ነው። ብዙ ሰው ሞተር የሚበላው ነዳጅ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። ናፍጣም ከዚያ ብዙ አይርቅም። የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል የሆነው ሜቴን ደግሞ ወደ 17 ኪሎ ይወስዳል። ይህን ሰሌዳው ላይ ስጽፍ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ታዲያ አዲስ አበባ አየሩ ሳሳ ያለ አይደል?" የዓመቱ ሥራችን ከዚህች ጥያቄ ወጣ።

አንዳንድ ስልኮች የአየር ግፊት መለኪያ አላቸው። በግቢያችን ስንለካ ከ770 ሄክቶፓስካል ብዙም አልራቀም። በባሕር ጠለል ላይ 1013 ገደማ ነው። እንግዲህ ሙቀቱ እኩል ቢሆን፣ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ በአንድ ጊዜ የሚስበው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚስበው በሩብ ገደማ ያንሳል። አየር ካነሰ የሚቃጠለው ነዳጅም ያንሳል። ጉልበትም አብሮ ይቀንሳል። ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ ወደ መሀል አገር የሚወጣ ከባድ መኪና ጭነቱ ሳይቀንስ አየሩ እየቀነሰበት ነው የሚመጣው።

ልጆቹን በጣም የያዛቸው ሙከራ ግን ሌላ ነበር። አንድ ጫፉ የተደፈነ ወፍራም የመስታወት ቱቦና በልኩ የተሠራ መግፊያ ከቤተ ሙከራ አወጣን። ታች ትንሽ ጥጥ አስቀመጥንና መግፊያውን በአንድ ምት ቁልቁል ገፋነው። ጥጡ ቦግ አለ። ክብሪት የለ፣ ኤሌክትሪክ የለ። በድንገት የታመቀ አየር ይግላል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሁሉ ፓምፑ ሲሞቅ በእጁ ያውቀዋል። ተራ ለመያዝ ክፍሉን አናወጡት። የዓይን መከላከያ መነጽር ላላደረገ ግን ተራ አልነበረውም።

የናፍጣ ሞተር የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እንደ መግፊያችን ሲሊንደር ውስጥ የሚመላለሰው ፒስተን መጀመሪያ አየር ብቻ ይስባል። አየሩን ከ14 እስከ 22 እጥፍ ያጭቀዋል። ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት ኢንጀክተሩ ናፍጣውን አድቅቆ ይረጫል። ናፍጣ 210 ዲግሪ ገደማ ላይ በራሱ ስለሚቀጣጠል በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚለኩስ ካንዴላ አያስፈልገውም። የቤንዚን ሞተር ግን በአብዛኛው አየሩንና ቤንዚኑን ቀላቅሎ ይስባል። ድብልቁ ከልክ በላይ ከታመቀ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳል። ሞተሩ ያንኳኳል፣ ውሎ አድሮም ፒስተን ይበላል። ስለዚህ ከ8 እስከ 12 እጥፍ ላይ ይቆማል።

ናፍጣ መኪና በሊትር ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሄደው በዋናነት ለዚህ ነው፤ አየሩ የበለጠ ሲታመቅ ከነዳጁ የሚገኘው ሥራም ይበልጣል። ጥሩ የናፍጣ ሞተር ከነዳጁ ጉልበት ከ35 እስከ 45 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ይቀይራል። የተለመደው የቤንዚን ሞተር ከ25 እስከ 35 በመቶ ላይ ነው። በዚያ ላይ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን አሥር በመቶ ገደማ የበለጠ ጉልበት ይዟል። የናፍጣ ሞተር ፈልሳፊው ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 ጀርመን አውግስቡርግ ከተማ ውስጥ ያስፈተነው ሞተር እንኳ 26 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። ጋዝ አዲስ ነገር ነው ብለው ሲከራከሩ የነበሩት ልጆች ግን የደነቃቸው ኒኮላውስ ኦቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 የሠራው ባለ አራት ምት ሞተር የሚሠራው በቤንዚን አልነበረም። ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ጋዝ ነበር።

ጥር ላይ በአካባቢያችን ወዳለ ጋራዥ ሄድን። አንድ አሮጌ የናፍጣ ሚኒባስ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ወርዶ ስለነበር ሲሊንደሮቹን በዓይናችን አየን። ልጆቹ መካኒኩን ከበቡት። "ጋሼ፣ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚያወጣው ለምንድነው?" መልሱ አጭር ነበር፤ "አየር አጥሮት ነው።" ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው የናፍጣ ፓምፕ ሹፌሩ በረገጠው ልክ ናፍጣ ይልካል፤ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ያልተቃጠለው ካርቦን ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። የተደፈነ የአየር ማጣሪያ ወይም ያረጀ ኢንጀክተር ደግሞ ያብሰዋል። ቱርቦ ያለው ሞተር በራሱ ጭስ ኃይል ተርባይን አሽከርክሮ አየር ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ስለዚህ ከፍታውን በብዛት ይቋቋመዋል። አዳዲስ የቤንዚን መኪኖች አየሩን በሴንሰር ለክተው ቤንዚኑን ይቀንሳሉ። አያጨሱም፤ ጉልበታቸው ግን ይወርዳል።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የጋዝ ነበር። በጋዝ ምንም ሙከራ አላደረግንም፤ ሥራው ሁሉ ንባብና ስሌት ነበር። ሜቴን በራሱ ለመቀጣጠል ከናፍጣ እጅግ የበለጠ ሙቀት፣ ከ500 ዲግሪ በላይ፣ ስለሚፈልግ የናፍጣ ሞተር ውስጥ በታመቀው አየር ሙቀት ብቻ በአስተማማኝ ሁኔታ አይቀጣጠልም። ወይ ካንዴላ ይገጠምለታል፣ ወይ ጥቂት ናፍጣ ተረጭቶ ይለኩሰዋል። ማንኳኳትን ከቤንዚን በተሻለ ስለሚቋቋም ለጋዝ ብቻ የተሠራ ሞተር የበለጠ ማጨቅ ይችላል። ለቤንዚን የተሠራ ሞተር ላይ ሲገጠም ግን ሌላ ነው። ጋዙ ሲሊንደር ውስጥ ከአየሩ አሥር በመቶ የሚጠጋ ቦታ ይሻማል። ቀድሞ ሩቡን ባጣ አየር ላይ ሌላ መቀነስ ማለት ነው። ይህን ስሌት የሠሩት የአሥረኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ ከዓመቱ ሥራ ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው።

ታንኩም ችግር አለው። በ200 ባር ገደማ የታመቀ አንድ ሊትር ጋዝ የአንድ ሊትር ቤንዚንን ሩብ ያህል ጉልበት ብቻ ይይዛል። ፈሳሽ ለማድረግ ደግሞ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ጥላሸቱ በጣም ትንሽ ነው። ለተመሳሳይ ሙቀት የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከናፍጣ በሩብ ገደማ ያንሳል። ደልሂ የከተማ አውቶቡሶቿን ወደ ጋዝ የቀየረችው ከጭሱ ብዛት የተነሳ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ስላዘዘ ነው። ነገር ግን ሳይቃጠል የሚያመልጥ ሜቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። የሚያፈስ ቧንቧ ትርፉን ሊበላው ይችላል።

በወላጆች ቀን አንድ አባት የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ይህን መማር ምን ይጠቅማል ብለው ጠየቁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ለልጆቹ ተውኩት። ከባድ መኪናው፣ ትራክተሩ፣ የሆስፒታሉ ጄኔሬተር አሁንም ናፍጣ ነው፤ መንገድ ላይ ያለውም መኪና ነገ አይጠፋም፤ እስከዚያው ጭሱን የምንተነፍሰው እኛ ነን አሏቸው። እኔ የምጨምረው አልነበረኝም።

ለ2019 ዓ.ም. ከአገልግሎት የወጣ የባጃጅ ሞተር እንዲለግሰን ፈቃደኛ የሆነ ሰው አግኝተናል። ፈትተን፣ አጽድተን መልሰን መግጠም ነው ዕቅዱ። የመፍቻ ስብስብ ያለው ወላጅ ቢያውሰን እናመሰግናለን። ምዝገባ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ቤተ ሙከራው በር ላይ ይለጠፋል። ሴት ተማሪዎች ዘንድሮ ከግማሽ በላይ ነበሩ፤ በዚያው እንዲቀጥል እፈልጋለሁ።